ከእጅ ወደ እጅ፦ የልብ ወለድ መጽሐፍ ዝውውር በጎሬና በኢሉባቦር ከተሞች

መግቢያ

በአገራችን ስለ ንባብ በሚካሄዱ ውይይቶች አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለሚታተመውና ለሚከፋፈለው መጽሐፍ ብዛት ነው። ስንት ቅጂ ታተመ፣ ስንቱ ለትምህርት ቤቶች ተላከ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ስንት ሰፍሮ ይገኛል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከዋናው ከተማ ርቆ ለሚኖር አንባቢ መጽሐፍ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ብቻ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ከተገዛ በኋላ በስንት እጅ ያልፋል? ማን ለማን ያውሰዋል? በምን ሁኔታ ይመለሳል? ሳይመለስ የቀረውስ የት ይደርሳል? እነዚህ ጥያቄዎች በማናቸውም ቅጽ ላይ ስለማይሞሉ ለዕቅድ አውጪው የማይታዩ ሆነው ቆይተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጎሬን፣ መቱንና በአካባቢያቸው የሚገኙትን የኢሉባቦር ከተሞች መነሻ በማድረግ የአማርኛ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየበትን ታሪክ በአጭሩ መመርመር ነው። ለዚህም በተለይ የሁለት ደራስያን ሥራዎች ተመርጠዋል። አንደኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን፣ ሁለተኛው የክፍለ ሀገሩ ተወላጅ የበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች ናቸው። በመጨረሻም ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅም ትምህርት ይገኝ እንደሆነ ለማመልከት ይሞከራል።

የመጽሐፉ መንገድ

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደንና በቡና መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዓመት የሚጥልባት ዝናም ወደ 2,000 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ በአገሪቱ ውስጥ ዝናም ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች አንዷ ሆና ትጠቀሳለች። ይህ ለቡናው በረከት ቢሆንም ለወረቀት ግን ጠላት ነው። በጎሬ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ መጽሐፍ በአንድ ክረምት ሊሻግት ይችላል። በአንጻሩ በየሳምንቱ እጅ የሚነካው፣ ገጹ የሚገለጥና ምድጃ ዳር የሚነበብ መጽሐፍ ቢቀደድም ከሻጋታ ይተርፋል።

ከተማይቱ ለረዥም ጊዜ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት መዲና ነበረች። በልጅ ኢያሱ ዘመን እንደራሴ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበረው ከዚሁ ነው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደና ጋምቤላ ከተመሠረተች በኋላ፣ ጎሬ ከሱዳን ጋር ለሚደረገው ንግድ ዋና መናኸሪያ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ እስከ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ቡናና ሰም ወደ ታች፣ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይመላለስ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ ጎሬ የቀረው መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጊዜያዊውን አስተዳደር ሲመሩ፣ ራስ እምሩም ወደዚሁ ምዕራባዊ ክፍል መጥተው ተጋድሎውን ቀጠሉ። ጠላት ጎሬን የያዘው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ሲሆን ራስ እምሩም በሚቀጥለው ወር እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው በምዕራብ ሲዋጉ ከተማረኩትና ወደ ኢጣልያ ደሴቶች ከተጋዙት መካከል ሐዲስ ዓለማየሁ የተባሉ የጎጃም ተወላጅ ወጣት ይገኙበት ነበር። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች በግዞት ቆይተው ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሰባት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የኢሉባቦር ወጣቶች በጉጉት ሲቀባበሉት የኖሩት መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያ የአገሪቱ ክፍል እንግዳ ባልነበረ እጅ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

መጽሐፍን በውሰት ማስተላለፍ በመሠረቱ አዲስ ልማድ አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበረው የብራና መጽሐፍ ለመገልበጥና ለመማሪያ ይዋስ ነበር። መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም የባለቤቱን ስም የሚፍቅ ሰው የሚወገዝበት ቃል በብዙዎቹ ብራናዎች ላይ ተጽፎ መገኘቱ ራሱ መጽሐፉ ከባለቤቱ እጅ ይወጣ እንደነበረ ምስክር ነው። ባለቤቱ እንዳይጠፋበት እየፈራም ቢሆን ያውስ ነበር። ስለዚህ በፍርሃትና በልግስና መካከል ያለው ትግል ከማተሚያ ቤት በፊት የነበረ ነው።

አንባቢው ከየት መጣ?

በልብ ወለድነቱ የመጀመሪያ የሆነው የአማርኛ መጽሐፍ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሟል። ይሁን እንጂ በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ልብ ወለድ የሚያነብ ሕዝብ የተገኘው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ በመላው አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ በኢሉባቦርም አፉን በኦሮምኛ የፈታው ሕፃን ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነበር። በዚህም ምክንያት ልብ ወለዱ ለብዙዎቹ አንባቢዎች መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ከክፍል ውጭ የሚገኝ የቋንቋ መምህርም ሆኖ አገልግሏል።

መጽሐፉን ወደ ከተሞቹ ያደረሱት በዋናነት ነጋዴዎች አልነበሩም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። ከእነዚህ የሚበዙት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ሲመደቡ በሻንጣቸው መጽሐፍ ይዘው ይሄዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የተካሄደው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻም ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማርቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ለማሻሻያ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት መምህራን ሲመለሱ ከሚያመጧቸው ዕቃዎች አንዱ መጽሐፍ ነበር። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል እስከ መቱ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመቱ እስከ ጎሬ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚያን ጊዜ ይህን መንገድ በአውቶቡስ ለመጨረስ ጅማ ማደር የግድ ስለ ነበረ መጽሐፉ ጎሬ ሳይደርስ ጅማ ላይ አንባቢ ያገኝ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው የመምህራን ዝውውርና የመጽሐፍ ዝውውር የተያያዙ መሆናቸውን ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር መሥሪያ ቤቶቹ ተነሡ። ከመሥሪያ ቤቶቹም ጋር ደመወዝተኛው፣ ከደመወዝተኛውም ጋር የግል መጻሕፍቱ ሄዱ። ጎሬ በዚህ ብዙ አንባቢ አጣች። በአንጻሩ የሁለቱ ከተሞች ወዳጆች መጽሐፍ መላላክ ጀመሩ። ቅዳሜ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ከዕቃው ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ መያዝ የተለመደ ሆነ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ለንባብ በቃ። ደራሲው ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ያገለገሉ ነበሩ። መጽሐፉ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር አማካይነት የመሳፍንቱንና የባላገሩን ኑሮ የሚያሳይ ሲሆን፣ በጉዱ ካሳ አንደበት የቀረበው የሥርዓቱ ትችት ለወጣት አንባቢዎች የክርክር ርእስ ሆኖ ቆይቷል። ታሪኩ የተመሠረተው በጎጃም ነው። ይሁን እንጂ የፊታውራሪ መሸሻን ዓይነት ባላባት የኢሉባቦር ጭሰኛም በራሱ አገር ያውቀው ስለ ነበረ ጎጃም ሩቅ አገር ሆኖ አልታየውም።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ይህ ውፍረት ለውሰት ችግር ይፈጥራል። አንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ቢይዘው ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1970ዎቹ በክፍለ ሀገሩ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ያየው አንድ ቅጂ የችግሩን መፍትሔ ያሳያል። ቅጂውን ለክረምት ትምህርት ሄዶ የገዛው የሥራ ባልደረባችን ነበር። ሽፋኑ ከተገነጠለና ጥራዙ ከላላ በኋላ ባለቤቱ በአራት ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በክር ሰፋው። ከዚያ ወዲህ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ያነቡት ጀመር። የመጀመሪያው ክፍል ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘንድ ሲሆን ሁለተኛው ከፖስታ ቤቱ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ከአንድ የቡና ነጋዴ ልጅ፣ አራተኛው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቤት ይገኝ ነበር። ተራውም እንደ ዕቁብ በወረቀት ተጽፎ ተያዘ። ሦስተኛውን ክፍል ጨርሶ አራተኛው ሳይደርሰው ወደ ሌላ አውራጃ የተዛወረ አንድ መምህር ከሄደበት ሆኖ የጻፈው ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። ደብዳቤው ስለ ጤናችን ከጠየቀ በኋላ የበዛብህ ነገር ምን እንደ ሆነ እንድንገልጽለት ይለምን ነበር። ከመካከላችን መጨረሻውን ሊጽፍለት የደፈረ አልተገኘም። ባለቤቱ አራተኛውን ክፍል በሚያምነው ሰው እጅ ላከለት። ያ ክፍል ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ሦስቱ ግን መዞራቸውን አላቋረጡም።

ይህን ዓይነቱን ዘዴ የፈጠረው ችግር ቢሆንም በሌላ አገርም አምሳያ አለው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቻርልስ ሙዲ የተባለ ሰው በ1842 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የመጽሐፍ ማከራያ ድርጅት ልብ ወለዶች በሦስት ቅጽ ተከፍለው እንዲታተሙ ያበረታታ ነበር። ምክንያቱም አንዱ ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ ለሦስት አባላት ሊከራይ ይችል ስለ ነበረ ነው። በአዲስ አበባም አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች መጽሐፉን በጥቂት ሳንቲም ለቀናት ማከራየታቸው የታወቀ ነው። ልዩነቱ በለንደንና በአዲስ አበባ የመጽሐፉ ዋስ ገንዘብ ሲሆን በጎሬ ዋሱ መተዋወቅ መሆኑ ነው።

በ1970ዎቹ መጽሐፉ በሌላ መንገድ ደግሞ ተሠራጨ። ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በተከታታይ ተረከው። በትረካው ሰዓት በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ቡና እያፈሉ ታሪኩን ከልጆቻቸው እኩል ተከታተሉት። የጽሑፉ አቅራቢ በዚያ ወቅት የተገነዘበው ነገር ቢኖር ትረካው የመጽሐፉን ፈላጊ ያበዛ እንጂ ያልቀነሰ መሆኑን ነው። በሬዲዮ የሰማ ሰው አንድ ክፍል አምልጦት እንደሆነ መጽሐፉን ይፈልጋል፤ ማንበብ የማይችለውም የሚያነብለት ልጅ ይፈልጋል።

የክፍለ ሀገሩ ልጅ

በዓሉ ግርማ በ1931 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር በሱጴ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ በአሜሪካም የጋዜጠኝነት ትምህርቱን ቀጥሏል። ከዚያ በኋላ የአዲስ ዘመንን ጨምሮ የልዩ ልዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች አዘጋጅ ሆኖ ሠራ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ በመላው አገሪቱ በሚገኙ ወጣቶች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1966 ዓ.ም. የታተመው «የኅሊና ደወል» ነው። ዋናው ባለታሪክ ወደ ኢሉባቦር ገጠር ሄዶ የሚያስተምርና ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚታገል ወጣት ነው። ደራሲው ይህንኑ ታሪክ አስፋፍቶና አሻሽሎ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። የኢሉባቦር መምህር ይህን መጽሐፍ ሲያነብ የራሱን ዝናምና ጭቃ፣ የራሱን የሣር ክዳን ክፍል፣ የራሱን ተስፋና ተስፋ መቁረጥ ያገኝበታል። የዚያ አገር ተማሪ ደግሞ ሰፈሩ በመጽሐፍ ሊጻፍ የሚችል መሆኑን ይረዳበታል። ለሌላው አንባቢ ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የመንደሩን ስም አይቶ ለማያውቅ ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

በዚያው በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ደራሲው በጊዜው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆኖ ዘመቻውን በቅርብ የተከታተለ ነበር። «ኦሮማይ» በገበያ ላይ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ወዲያው እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ከመሰብሰብ የተረፉት ቅጂዎች ግን መዞራቸውን ቀጠሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መጽሐፍ ማዋስ ልግስና ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እምነትና ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ሆነ። መጽሐፉ የደብተር ሽፋን ለብሶ ይሰጣል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሌሊት በላይ አይቆይም፤ ተቀባዩ የሰጪውን ስም አይጠራም። በሶቪየት ኅብረት የተከለከሉ ጽሑፎች በመኪና እየተባዙ በድብቅ ይተላለፉ እንደ ነበረ ይታወቃል። በእኛ አገር የታየውም ከዚያ የራቀ አልነበረም። የመንግሥት ለውጥ ከተደረገና በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ መጽሐፉ በግልጽ ይነበባል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል። አንድ የሱጴ ልጅ የጻፈው መጽሐፍ እስከዚያ ድረስ በሕይወት የቆየው ማስታወሻ ባልያዙና ስማቸው በማይታወቅ አንባቢዎች እጅ ጭምር መሆኑን የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ሊመዘግበው ይገባል።

ቁልፉና መዝገቡ

ከላይ ስለ ተጠቀሰው በአራት የተከፈለ ቅጂ ሲነሣ አንድ ያልተገለጸ ነገር አለ። በዚያው ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ሌሎች ሁለት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂዎች ነበሩ። ሁለቱም ንጹሕ፣ ማኅተም ያረፈባቸውና በንብረት መዝገብ የተመዘገቡ ነበሩ። ተማሪ እንዲወስዳቸው ግን አይፈቀድም። የጽሑፉ አቅራቢ ለምን እንደማይሰጡ በጠየቀ ጊዜ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፦ «ጋሼ፣ ቢጠፋ የሚቆረጠው ከእኔ ደመወዝ ነው። ባይነበብ ግን የሚጠይቀኝ የለም» ሲሉ መለሱ።

ይህ መልስ በስንፍና ወይም በክፋት የተሰጠ አልነበረም። ሰውየው ሕጉን አክብረው ይሠሩ ነበር። የንብረት አያያዝ ደንቡ መጽሐፍን ከወንበርና ከጠረጴዛ ለይቶ አያይም። ወንበር ከዓመት ዓመት ሳይጎድል ከተገኘ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። መጽሐፍ ግን ሳይጎድል፣ ሳይቆሽሽና ሳይጎሳቆል ከተገኘ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ሁለቱ ቅጂዎች «በመልካም ሁኔታ ይገኛሉ» ተብለው ተመዘገቡ። ከጊዜ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ግን የጎሬ አካባቢ ዝናም የራሱን ቆጠራ አድርጎ ተገኘ፤ የአንደኛው ገጾች በሻጋታ ተጣብቀው ነበር። በውሰት የዞረው ቅጂ በአንጻሩ ሽፋን አልባ ሆኖ፣ አንድ ክፍሉም ጎድሎት፣ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የሠላሳ አንድ አንባቢዎች ስም ተጽፎበት ነበር።

የጽሑፉ አቅራቢም በዚህ ረገድ ከወቀሳ ነፃ አይደለም። በወቅቱ ጉዳዩን ለመምህራን ስብሰባ አቅርቦ የውሰት ደንብ እንዲወጣ ማሳሰብ ሲችል የባልደረባው ቅጂ ስለ ነበረ ዝም ብሏል። ያ ቅጂ ለመምህራንና ለደመወዝተኞች የዞረውን ያህል ለተማሪዎች አልዞረም። ከሠላሳ አንዱ ስሞች መካከል የተማሪዎቹ ከአምስት አይበልጡም ነበር።

ከክቡ ውጭ የቀሩት

የእጅ በእጅ ውሰትን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ውሰት የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ስለዚህ ደመወዝተኛው ለደመወዝተኛ፣ ወንድ ለወንድ፣ የከተማ ሰው ለከተማ ሰው ይሰጣል። በዚያው የአንባቢዎች ዝርዝር ላይ የሴቶች ስም ሁለት ብቻ ነበር። ሴቶች መጽሐፉን አላነበቡትም ማለት ግን አይደለም። ባል ወይም ወንድም በስሙ የተዋሰውን እቤት ሆነው ያነቡ ነበር። ስማቸው ግን አልተጻፈም።

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ለአዲስ አንባቢዎች የተዘጋጁት ተከታይ ጽሑፎች ግን በአብዛኛው በእርሻ፣ በጤናና በመሳሰሉት ላይ ያተኮሩ ነበሩ። ፊደል የቆጠረው የሱጴ ወይም የአልጌ ገበሬ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊያነበው የሚችል ረዥም ታሪክ በእጁ አልገባም። በዚህም ምክንያት ብዙው የተማረውን ፊደል መልሶ ረሳው። ልብ ወለድ የቅንጦት ንባብ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያስከተለው ጉዳት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰው ስለ ማዳበሪያ የተጻፈውን አንድ ጊዜ አንብቦ ያስቀምጠዋል፤ መጨረሻውን ለማወቅ የጓጓለትን ታሪክ ግን መብራት ገዝቶም ያነበዋል።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ የዛሬው የመቱ ተማሪ ከአያቱ የወረሰውን የአማርኛ ልብ ወለድ እንደ አባቱ በቀላሉ ላያነበው ይችላል። ይህ የሚያስቆጭ ቢመስልም ሊያስገርም አይገባም። ሕፃን በቋንቋው መማሩ ለአባቶቹ ያልተሰጠ መብት ነው። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው መጽሐፍ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው እንዳይቋረጥ ከተፈለገ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ልጁ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት በሚገባ መማሩ አንዱ ነው። የታወቁት የአማርኛ ልብ ወለዶች፣ ይልቁንም ስለ ኢሉባቦር የተጻፉት፣ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉትም ወደ አማርኛ መተርጎማቸው ሁለተኛው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ታሪክ የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለልብ ወለድ የተለየ የንብረት አያያዝ ደንብ ሊወጣ ይገባል። በዓመት ውስጥ ከሚዋሱት ቅጂዎች የተወሰነው እጅ እንደሚጠፋና እንደሚቀደድ አስቀድሞ ታምኖ በበጀት ከተያዘ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መጽሐፉን የሚቆልፍበት ምክንያት አይኖርም።

ሁለተኛ፣ የቆጠራው ጥያቄ መለወጥ አለበት። «ስንት ቅጂ አለ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ስንት ሰው አነበበው?» የሚል ዓምድ በመዝገቡ ላይ ቢጨመር የሚያስወጣው አንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ አንባቢዎች ስማቸውን የሚጽፉበት ወረቀት መለጠፍም ይቻላል። ሴት ተማሪዎችም በራሳቸው ስም እንዲፈርሙ ማበረታታት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ሲዛወር መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል፤ ይዞም ይመጣል። ዕቅድ አውጪው ይህን እንደ ጥፋት ከማየት ይልቅ ሊጠቀምበት ይችላል። በአቅራቢያ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ የጎሬ፣ የመቱ፣ የሁሩሙና የያዮ፣ ጥቂት መጻሕፍትን በሣጥን አድርገው በየሴሚስተሩ ቢቀያየሩ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የገዛውን አራት እጥፍ ያነባል።

አራተኛ፣ ትረካ የመጽሐፍ ተቀናቃኝ አይደለም። መቱ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ የተተከለባት ከተማ ስትሆን፣ አካባቢው ለሬዲዮ ትረካ እንግዳ አይደለም። በክፍል ውስጥም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ልብ ወለድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብና መጽሐፉ ደስ በሚያሰኝ ቦታ ላይ ቢያቆም ተማሪው ቀሪውን ፍለጋ ራሱ ይመጣል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የመጽሐፍ ነገር ግን ከሎሚው በዚህ ይለያል፤ አንዱ መጽሐፍ ለሃምሳ ሰው በየተራ ሙሉውን ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጸሐፊ ብዕርና የማተሚያ ቤት ቀለም ብቻ ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ሰው ሣጥኑን ሲከፍት የማይቀጣበት ደንብ ነው። ይህንን ደንብ ማውጣት ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።